የመሪ ውርስ ላይ ድርሰት ለሚጽፉ ተማሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ አንድ ታሪካዊ መሪ ውርስ የተማሪዎች የድርሰት ውድድር በወጣ ቁጥር አንዳንድ አመለካከቶች አብረው ይመጣሉ። ጥሩ ብዕር ያላቸውን ልጆች ሳይቀር ያሰናክላሉ። አፄ ቴዎድሮስን ምሳሌ አድርገን እንያቸው።

«ይበልጥ ያወደሰ ያሸንፋል»

በፍጹም! ውዳሴ በውዳሴ ላይ የተደራረበበት ድርሰት ከጎኑ ካለው አይለይም። ዘመነ መሳፍንትን ያበቁት ንጉሥ ጎንደርን ያቃጠሉ፣ በመጨረሻም መቅደላ ላይ እስረኞችን ገደል ያስወረወሩ ናቸው። ይህን ደብቆ የጻፈ ተማሪ ታሪኩን የሚያውቅ አንባቢ አያምነውም። ስድብ ብቻ የሞላው ድርሰትም ያው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ «ታዲያ ምን ትተውልን ሄዱ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚነበበው።

«የሕይወት ታሪካቸውን በደንብ ከጻፍኩ በቂ ነው»

ቋራ ተወለዱ፣ በ1847 ዓ.ም. ነገሡ፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። ይሄን ሁሉም ይጽፈዋል። ርዕሱ ግን «ውርስ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ ዋናው ነገር ከሞታቸው በኋላ ያለው ነው። ልደትና ንግሥናው በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል።

«ኢትዮጵያን አንድ አድርገው ሞቱ ብል ማን ይከራከረኛል?»

ታሪኩ ራሱ ይከራከርሃል። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ድርሰት የሚበላሸው እዚህ ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ይዘዋል። ላስታ በዋግሹም ጎበዜ፣ ትግራይ በካሳ ምርጫ (በኋላ አፄ ዮሐንስ) እጅ ነበር። ንጉሡ በመጨረሻ በእጃቸው የቀረው መቅደላና ዙሪያው ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ውርሳቸው ባዶ ነው? አይደለም! ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት የሚለው ሐሳብ አብሯቸው አልሞተም፣ አፄ ዮሐንስም አፄ ምኒልክም በየራሳቸው መንገድ ያንኑ ይዘው ቀጥለዋል። «አንድ አደረጉ» ከማለት «ጀምረውት ሳይሳካላቸው ቀረ፣ ሌሎች ግን ተቀበሉት» ማለት የበለጠ እውነት ነው፣ ለመጻፍም የበለጠ ይጥማል።

«ሁሉንም ነገር መንካት አለብኝ»

ጦርነቱን፣ ቤተ ክህነቱን፣ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩትን ደብዳቤ፣ ልጃቸውን ልዑል ዓለማየሁን… በአንድ ገጽ? አንዱን ይዘህ ጠለቅ በል። ለምሳሌ ሴባስቶፖልን። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡት፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ነው። ያን የሚያህል ብረት በሰው ጉልበት፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ገደል እየወጣ እየወረደ መቅደላ ድረስ ተጎተተ። ዛሬም እዚያው አለ፣ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ከዚህ አንድ ብረት ብቻ የንጉሡን የሥልጣኔ ጉጉትም፣ ለሕዝቡ የነበራቸውን ጭካኔም፣ እኛ ዛሬ ምን መርጠን እንደምናስታውስም ማውጣት ይቻላል። አንዲት ተማሪ ይህን ብቻ ብትጽፍ እኔ በደስታ ነው የማነበው።

«ውርስ ማለት ጥሩ ነገር ብቻ ነው»

የጎደለውም ውርስ ነው። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ታቦታት ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም አሉ። በልጅነቱ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል። የንጉሡ ጸጉር ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ተመልሷል። ማን ምን ይመልስ የሚለው ክርክር ገና አላለቀም፣ ለወጣት ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ርዕስ የለም።

«ከባድ ቃል ካልተጠቀምኩ ተራ ይመስላል»

የንጉሡ ዜና መዋዕሎች እንኳ በግእዝ ሳይሆን በአማርኛ ነው የተጻፉት። ቀለል አድርገህ ጻፍ።

«መጨረሻው ላይ ምክር ግዴታ ነው»

«ስለዚህ እኛ ወጣቶች…» ብሎ የሚጀምረውን አንቀጽ ሰርዘው። የጀመርከውን ክርክር እዚያው ጨርስ።