የሄሊኮፕተር ጉብጠት ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ዳር ነው የምኖረው። አንዳንዴ ሄሊኮፕተር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የቤቴ ቆርቆሮ ይርገበገባል። ከታች ያለነው እንዲህ ከሆንን፣ እላይ የተቀመጠው ሰውዬ ወገብስ?

የውጭ አብራሪዎች ለዚህ የወገብ ጣጣ ስም አውጥተውለታል። በእኛ ቋንቋ የሄሊኮፕተር ጉብጠት ብንለው ያስኬዳል።

ነገሩ ከአቀማመጥ ይጀምራል። ግራ እጅ ከወንበሩ ጎን ያለውን ዘንግ ይይዛል። ቦታው የመኪና የእጅ ፍሬን ያለበት ነው፤ ሥራው ግን ሄሊኮፕተሩን ማንሳትና ማውረድ። ቀኝ እጅ በጉልበቶቹ መሃል የቆመውን መሪ ይዟል። ሁለቱም እግሮች ፔዳል ላይ ናቸው። መሪው ቁጡ ነው፤ በትንሽ ንክኪ ያዘነብላል። ስለዚህ አብራሪው እጁ እንዲረጋ ክንዱን ጭኑ ላይ ያሳርፋል። ለዚህ ደግሞ ማጎንበስ አለበት፤ ረጅም ሰው ሲሆንማ ይብሳል። ግራ እጁ ወደ ታች ስለሚጎትተው ዘመም ይላል። ወንበሩ መደገፊያ አለው፣ ጀርባው ግን አይደርስበትም።

በዚህ ላይ ንዝረቱ አለ። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ በጣም የሚናጠው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በሚመታ ንዝረት ነው። ሂዩ የሚባለው ሄሊኮፕተር ላዩ ላይ ያለው ክንፍ በሰከንድ 5 ጊዜ ያህል ይዞራል። እዚያው ላይ አረፈ ማለት ነው!  የጎበጠ ወገብ ጡንቻ ይህን ሁሉ መቋቋም አለበት።

ከኋላ ያሉት የበረራ ሠራተኞችም አላመለጡም። እነሱ ይንበረከካሉ፣ በበር አንገታቸውን አውጥተው ያያሉ፣ ዕቃና በሽተኛ ያነሳሉ። የሌሊት ማያ መነጽር የተገጠመበት ቆብ ደግሞ አንገትን ይጫናል።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በረራ ላይ ይጀምርና ከወረዱ በኋላ ይለቃል። የማይለቃቸውም አሉ። ከበረራ እንዳይታገዱ ሲሉ ለሐኪም የማይናገሩም ሞልተዋል።

የወገብ ጡንቻን ማጠንከር ይረዳል፤ ወገብን የሚሞላ ጠንከር ያለ ድጋፍም እንዲሁ። ለስላሳ ስፖንጅ መደራረብ ግን ጉድ ይሠራል፤ ዝግ ያለውን ንዝረት ጭራሽ ያጎላዋል።

ይሄንን ባጃጅ ለሚነዳው ጎረቤቴ ነገርኩት። የእሱም ወገብ ኮብልስቶኑ ላይ አልቋል። ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ወንበሩ ላይ የደረበውን ስፖንጅ ግን አላወጣውም።