የትናንሽ መኪኖች አባዜ

የመጫወቻ መኪና መሰብሰብ በብዙ አገር አዋቂዎች ጊዜና ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት የትርፍ ጊዜ ልማድ ነው። ይበልጥ የሚፈለጉት ከቀለጠ የዚንክ ቅይጥ ተሠርተው መዳፍ ውስጥ የሚገቡት መኪኖች ናቸው። የብዙዎቹ ርዝመት ከእውነተኛው መኪና 1/64 ገደማ ነው። አዲሱ በአሜሪካ ሱቆች አንድ ዶላር ከምናምን ይሸጣል። አንዳንዱ አሮጌ ግን ቤት የሚያስገዛ ዋጋ ይጠራበታል።

ታሪኩን ከለንደን መጀመር ይቻላል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 ሌስሊ ስሚዝና ሮድኒ ስሚዝ ስማቸውን ቆራርጠው በመግጠም ሌስኒ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ ጃክ ኦዴል የሚባል የብረት ቅርጽ ባለሙያ ተቀላቀላቸው። የኦዴል ልጅ ትምህርት ቤት ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ መጫወቻ ብቻ ነበር የሚፈቅደው። አባት መንገድ የሚዳምጥ ሮለር በትንሹ ከናስ ሠራና ቀፎ ውስጥ ከትቶ ሰጣት። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ያንን አይተው እኛም እንፈልጋለን አሉ። ማችቦክስ («የክብሪት ቀፎ» ማለት ነው) የተባለው የሌስኒ መጫወቻ በ1953 ገበያ የወጣው በዚህ መነሻ ነው።

ማችቦክስ መኪኖቹን ከ1 እስከ 75 ቁጥር ሰጣቸው። በእኔ እይታ የልክፍቱ ሞተር ይህ ቁጥር ነው። 74ቱን የያዘ ሰው ዓይኑ ሁልጊዜ የሚያርፈው በጎደለችው ላይ ነው። እሷን ሲያገኝም አያርፍም። ኩባንያው አንዱን ሞዴል ሲያቆም ቁጥሩን ለሌላ ይሰጠዋል። ያው መኪና በሌላ ቀለም ወይም በሌላ ጎማ ይመጣል። ዝርዝሩ መቼም አይዘጋም።

በ1968 ማቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሆት ዊልስ የተባሉ መጫወቻ መኪኖችን ይዞ መጣ። የመጀመሪያዎቹ 16 መኪኖች የሚያብረቀርቅ ቀለምና በፍጥነት የሚሽከረከር ጎማ ነበራቸው። ማችቦክስም ላለመበለጥ በዓመቱ ፈጣን ጎማ መግጠም ጀመረ። የሰብሳቢዎች ትልቁ ሕልም የሆነችው ግን በ1969 የተሠራች የቮልስዋገን ሚኒባስ ናት። በሙከራ ሞዴሏ ላይ የባሕር ሞገድ መንሸራተቻ ሰሌዳዎች በኋላ መስኮት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሞዴሏ ጠባብና ከላይ የከበደች ስለነበረች መኪና በሚያስፈነጥረው መሣሪያ ውስጥ በደንብ አላለፈችም። ስለዚህ ሰፋ ተደርጋ፣ ሰሌዳዎቹም ወደ ጎን ተዛውረው እንደገና ተሠራች። ከሙከራዎቹ የተረፉት ጥቂት ናቸው። ከእነሱም ሮዝ ቀለም ያላት ከ100,000 ዶላር በላይ ትገመታለች።

ኩባንያዎቹ ይህን ጉጉት ያውቁታል፤ ይሠሩበታልም። ማቴል በ1995 «የሀብት አሰሳ» ለማለት ትሬዠር ሀንት ያላቸውን 12 ሞዴሎች አወጣ። እያንዳንዱ የተመረተው 10,000 ብቻ ነው። ከ2007 ወዲህ ደግሞ በልዩ ቀለምና በላስቲክ ጎማ የሚታወቁ፣ ይበልጥ ብርቅ የሆኑ አሉ። ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው፣ በተመሳሳይ ዋጋ፣ ከተራው መደርደሪያ ላይ ይሰቀላሉ። ስለዚህ ሰብሳቢው ሱቅ ሳይከፈት በር ላይ ይቆማል። ካርቶኑ እንደተፈታ እያንዳንዷን ማሸጊያ እያገላበጠ ያያል። አብዛኛውን ቀን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ በማግስቱ ግን እንደገና ይሄዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ.ኤፍ. ስኪነር በእንስሳት ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ልማድን በቀላሉ እንዳይተው ያደርጋል።

ከማሸጊያው ይውጣ ወይስ አይውጣ የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ያልተከፈተ ብዙ ብር ያወጣል፤ የተከፈተ ደግሞ ይነካል፣ ይገፋል። እኔ ከከፋቾቹ ጋር ነኝ። በሯ የምትከፈት መኪና በፕላስቲክ ታሽጋ ስትኖር ያሳዝነኛል።

ትርፉን ብዙ ሰው በገንዘብ ይለካዋል። ሁሉም ለሽያጭ ብሎ ሲያስቀምጠው ግን ብርቅነቱ ይቀራል። የድሮዎቹ የተወደዱት ልጆች ተጫውተው ስለጨረሷቸው ነው። የማይጠፋው ትርፍ እውቀቱ ነው። ልምድ ያለው ሰብሳቢ መኪናዋን ገልብጦ ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ ያነባል። የጎማውን ዓይነት አይቶ መቼ እንደተሠራች ይነግርሃል። እግረ መንገዱን የመኪና ታሪክ፣ የፋብሪካ አሠራር፣ የቀለም ኬሚስትሪ ይማራል። ሌላው ትርፍ ሰው ነው። መለዋወጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። የአንዱ ትርፍ የሌላው ጎዶሎ ስለሆነ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ።

ሐዘንም አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ሊቨርፑል ውስጥ በተሠሩት፣ ዲንኪ በተባሉት መጫወቻ መኪኖች ላይ የሚታይ በሽታ አለ። ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ከተቀላቀለ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይፈረፈራል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም።

ልክፍቱ ከመዝናኛ አልፎ ሕመም የሚሆንበት ጊዜም አለ። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ዕቃ ማከማቸትን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቧል። ሰብሳቢ ይመርጣል፣ ይደረድራል፣ ያሳያል። አከማቹ መጣል ያቅተዋል፤ ቤቱም መኖሪያነቱ ይቀራል። ድንበሩ እንዳይጠፋባቸው ብዙዎች ለራሳቸው ሕግ ያወጣሉ። አንዱ አምቡላንስ ብቻ ይይዛል፤ ሌላው ቮልስ ብቻ። መደርደሪያው ሲሞላ አንድ ሳያስወጡ አንድ የማያስገቡም አሉ።