ሰው በሮቦት ላይ የሚጥለው እምነት

ሰው ሮቦትን የሚያምነው ችሎታውን መርምሮ ብቻ አይደለም። መልኩ፣ የተገናኙበት ሰዓትና ከማሽኑ ጀርባ ያለው ሰው ማንነትም ሚዛኑን ይደፉታል።

ስለ መልኩ እ.ኤ.አ. በ1970 የጻፈው ጃፓናዊው ማሳሂሮ ሞሪ ነው። ሮቦት ሰው እየመሰለ ሲሄድ ይወደዳል፤ ሰው ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ግን ድንገት ያስፈራል አለ። የመርሳት ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የተሠራው ፓሮ የተባለው ሮቦት ከዚህ ያመለጠው በብልሃት ነው፤ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል ይመስላል። ድመት ወይም ውሻ ቢሆን ሁሉም ከእውነተኛው ጋር ያነጻጽረው ነበር፤ አቆስጣን በቅርብ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ከልክ ያለፈ እምነትም አለ። የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ2016 ይፋ ባደረጉት ሙከራ፣ መንገድ የሚመራ ሮቦት ተሳታፊዎችን ወደ ስብሰባ ክፍል ይወስዳል። ለከፊሎቹ ሆን ተብሎ መንገድ ሳተ። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ኮሪደሩ በሰው ሠራሽ ጭስ ተሞላ፤ የአደጋ ደወሉ ጮኸ። በሩን ሲከፍቱ ያው ሮቦት ቆሟል፤ የሚጠቁማቸውም የገቡበትን በር ሳይሆን ሌላ አቅጣጫ ነው። 26ቱም ተሳታፊዎች ተከተሉት። ግማሾቹ ሲሳሳት በዓይናቸው አይተውታል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ የደነገጠ ሰው «በዚህ!» የሚለውን ይከተላል እንጂ ጠቋሚው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።

በቴሌፕረዘንስ፣ ማለትም ሩቅ ያለ ሰው በሮቦት በኩል በቦታው እንዳለ ሆኖ በሚገናኝበት ቴክኖሎጂ፣ ግን የሚታመነው ወይም የሚታማው በማሽኑ በኩል ያለው ሰው ነው። በ2019 በካሊፎርኒያዋ ፍሬሞንት አንድ ሐኪም ለታመሙ አዛውንት ተስፋ እንደሌላቸው የነገራቸው አልጋቸው ድረስ በመጣ ሮቦት ስክሪን ነበር። በደንብ ስላልሰሙት አጠገባቸው የነበረችው የልጅ ልጅ መልእክቱን ደገመችላቸው። ቤተሰቡ እጅግ አዘነ። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በቅርብ ሰው አንደበት ሲነገር ያየ ሁሉ ቅሬታቸው ይገባዋል።

ያው ቴክኖሎጂ ሰውን ከሰው ሲያቀራርብም ይታያል። ቶኪዮ፣ ኒሆንባሺ ውስጥ በ2021 በተከፈተው ካፌ፣ ኦሪሂሜ የተባሉት ሮቦቶች እንግዳ ያስተናግዳሉ። የሚያንቀሳቅሷቸው ከቤት መውጣት የሚከብዳቸው አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ናቸው፤ እጁ የማይታዘዝለት በዓይኑ ያዝዛቸዋል። የሮቦቱ ፊት የጃፓኑን የኖ ትያትር ጭምብል ይመስላል፤ ሳቅም ሐዘንም አይነበብበትም። እንግዳው የሚያናግረውን ሰው ስሜት የሚያገኘው ከድምፁ ነው።