ሊኑክስ ሲጫን የኔትወርክ ካርድ ስም የሚወጣው እንዴት ነው?

ድሮ ሊኑክስ ላይ መጀመሪያ የተገኘው የኬብል ካርድ ኢቲኤች0፣ ቀጣዩ ኢቲኤች1፣ ዋይፋዩ ደግሞ ደብሊውላን0 ይባል ነበር። አንድ ካርድ ላለው ሰው ምንም አይልም። ሁለት ካርድ ሲኖር ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የቱን ቀድሞ እንደሚያገኝ ዋስትና የለም። ማሽኑ ሲነሳ የኢንተርኔቱ መስመር የውስጡን ኔትወርክ ካርድ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ማሽኑ ፋየርዎል (በኢንተርኔቱና በውስጡ ኔትወርክ መካከል ያለ ጠባቂ) ከሆነማ ጣጣው ብዙ ነው።

በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲስተምዲ 197 (ሊኑክስ ሲነሳ አገልግሎቶቹን የሚያስነሳ ሶፍትዌር) ስሙን ካርዱ ካለበት ቦታ ጋር አያያዘው። ከሊኑክስ ዓይነቶች ሬድ ሃት ከስሪት 7፣ ዴቢያን ከስሪት 9 ጀምሮ ይህንኑ ይዘዋል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ይነበባል። «ኢኤን» ኬብል ነው፣ «ደብሊውኤል» ዋይፋይ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለና ባዮሱ (የማዘርቦርዱ ማስነሻ ፕሮግራም) ቁጥር የሰጠው ካርድ ኢኤንኦ1 ይሆናል። የስሎቱ (ካርዱ የሚሰካበት ቦታ) ቁጥር ከታወቀ ኢኤንኤስ ይባላል። ካልሆነ የፒሲአይ አድራሻው፣ ማለትም ካርዱ የተገናኘበት መስመር (ባስ) እና በዚያ መስመር ላይ ያለው ቦታ ቁጥር፣ ይወሰዳል፤ ኢኤንፒ2ኤስ0 ማለት ባስ 2፣ ስሎት 0 ነው። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚፈጥር ሶፍትዌር) ላይ የሚለማመድ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ኢኤንፒ0ኤስ3ን ነው። ዴቢያን ላይ የዩኤስቢ አዳፕተር ደግሞ ኢኤንኤክስ ተብሎ 12ቱ የማክ አድራሻ (የካርዱ መለያ ቁጥር) አሃዞች ይቀጠሉበታል። በላቲን ፊደል 15 ቁምፊ ይሞላል፤ ከርነሉም ከዚያ በላይ አይፈቅድም።

አዳማ ላይ ነገሩ የሚፈተነው በዩዝድ ዕቃ ነው። ፓወሩ የተቃጠለ ማሽን ሀርድ ዲስክ ተነቅሎ ሌላ ኬዝ ውስጥ ይገባል። ሊኑክሱ ደህና ይነሳል፣ ኔትወርክ ግን የለም። የድሮው ማዋቀሪያ ፋይል ኢኤንፒ3ኤስ0 ይላል፣ አዲሱ ማሽን ላይ ያለው ኢኤንፒ2ኤስ0 ነው። በዚህ ሰበብ ደህናው ካርድ «ሞቷል» ተብሎ ሌላ ሊገዛ ይችላል! ግራፊክስ ካርድ መጨመር እንኳ የባስ ቁጥሩን ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ብር ከማውጣት በፊት ተርሚናል ላይ «አይፒ ሊንክ» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ ስሙን ማየት ነው።

የድሮውን ስም የናፈቀ ሰው ማሽኑ ሲነሳ (ቡት ላይ) ለከርነሉ ኔት.ኢፍኔምስ=0 የሚል ትእዛዝ ሰጥቶ ይመልሰዋል። ለአንድ ካርድ ማሽን እኔም አልቃወምም። ሁለት ካርድ ካለ ግን ሲስተምዲ በሚያነበው የ«ሊንክ» ፋይል የማክ አድራሻውን ከራስ ስም ጋር ማሰር ይሻላል፤ ለውስጡ «ላን0»፣ ለኢንተርኔቱ «ዋን0» ይበቃሉ። ኢቲኤች0 ብሎ መሰየም ግን አይመከርም፤ ከርነሉ ራሱ ከሚሰጠው ስም ጋር ይጋጫል።