ካንሰር ሴል ውስጥ የበራ ሁሉ መድኃኒት አይደለም

ጥቁር መደብ ላይ አረንጓዴ የሚያበሩ ሴሎች የሚታዩበት ፎቶ በየጊዜው ይላክልኛል። ከሥሩ «የእርድ ቀለም ካንሰሩን ለይቶ ሲያጠቃ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሥራዬ ማይክሮስኮፕ ላይ ስለሆነ ደስ የሚለኝ ይመስላቸዋል። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል።

ፎቶው ቢበዛ አንድ ነገር ነው የሚናገረው፦ ኩርኩሚን፣ ማለትም የእርድ ቢጫ ቀለም፣ ሴሉ ውስጥ ገብቷል። 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ) ብርሃን ሲያርፍበት ኃይሉን ይውጥና አረንጓዴ አድርጎ ይመልሰዋል። በቃ። «ለይቶ» የሚለው ከየት መጣ? ኩርኩሚን ውሃ አይስማማውም፤ ስብ ይወዳል። የሴል ሽፋን ደግሞ በአብዛኛው ስብ ነው። ጤናማ ሴልም ሽፋን አለው፣ እሱም ውስጥ ይገባል። ጤናማው ሴል በዚያው መጠን፣ ለዚያው ሰዓት ተነክሮ፣ የካሜራው ቅንብር ሳይነካ ጎን ለጎን ካልተነሳ ስለ መለየት ማውራት ዘበት ነው።

የባሰም አለ። አንዲት ተማሪ የሚያምር ፎቶ ይዛ መጣች። «ቀለም ያልነካቸውን ሴሎች አሳዪኝ» አልኳት። አላነሳችም ነበር። ስታነሳቸው እነሱም አረንጓዴ አበሩ። ሴል በራሱ ያበራል፤ በውስጡ ያሉት ፍላቪን የሚባሉ ተፈጥሯዊ ሞለኪውሎች ልክ ኩርኩሚን በሚያበራበት አካባቢ ነው የሚያበሩት። ካሜራው ብዙ ብርሃን እንዲሰበስብ ከተደረገ ባዶው ሴልም «የታከመ» ይመስላል።

«ይበልጥ ከበራ ይበልጥ ገብቷል» የሚሉም አሉ። የግድ አይደለም። ኩርኩሚን ውሃ ውስጥ ደብዛዛ ነው፣ ስብ ውስጥ ሲገባ ይደምቃል። ቤርቤሪን የሚባለው ቢጫ ቀለምም ዲኤንኤ ላይ ሲጣበቅ ይደምቃል። መጠን ማወቅ የፈለገ ቀለሙን ከሴሉ አውጥቶ በሌላ መሣሪያ ይለካ።

ደማቅ ቀለም ሁሉ ያበራል? አያበራም። ካሮትን ብርቱካናማ ያደረገው ቤታ ካሮቲን የዋጠውን ብርሃን ወደ ሙቀት ስለሚቀይረው አያበራም ማለት ይቻላል። ክሎሮፊል ደግሞ ለዓይን አረንጓዴ ነው፣ ሲያበራ ግን ቀይ ነው። በነገራችን ላይ ፎቶው ላይ የምታዩት ቀለም ራሱ ብዙ ጊዜ ሶፍትዌር የቀባው ነው፤ ካሜራው የሚያነሳው በጥቁርና ነጭ ነው።

«ሴሉ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ» ለሚለውም መልስ አለኝ። ሃይፐሪሲን የሚባል የዕፅዋት ቀይ ቀለም አለ። ብርሃን ሲያገኝ ሴል የሚያቃጥል ኦክስጅን ያመነጫል። ማይክሮስኮፑ ሥር የሞተው ሴል የሞተው በቀለሙና በመብራቱ ጥምረት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀለሙን አጠጥታችሁ ጨለማ ውስጥ ያቆያችኋቸው ሴሎች፣ ቀለም ሳይነካቸው መብራት ብቻ ያገኙ ሴሎችም ይኑሯችሁ። ሴሎቹ እንዳሉ እንዲቆዩ ብላችሁ ሜታኖል በሚባለው አልኮል አትንከሯቸው፤ ቀለሙን አጥቦ ይወስደዋል ወይም ቦታውን ያዛባዋል። በሕይወት እያሉ አንሷቸው፤ ቀለሙ በብርሃን ስለሚደበዝዝም ቶሎ ጨርሱ።

የቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ያለ ሴል ቀለሙ ውስጥ ተዘፍቆ ነው የሚውለው። ሰው ኩርኩሚንን ሲውጥ ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ያም አንጀትና ጉበት ውስጥ ቶሎ ይለወጣል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ሆኖ ፎቶውን አምኖ የእርድ እንክብል የጀመረ ሰው ካለ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይንገር። እንክብሉ ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ።