ቴንግቦቼ ገዳም በሂማላያ ጸደይ መግቢያ

ቴንግቦቼ በምሥራቅ ኔፓል፣ የሼርፓ ሕዝብ በሚኖርበት በኩምቡ ሸለቆ የሚገኝ የቡድሃ እምነት ገዳም ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,867 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ለመድረስ 700 ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። በሰሜን በኩል ኤቨረስትና ሎትሴ፣ በምሥራቅ ደግሞ 6,812 ሜትር የሚረዝመው አማ ዳብላም ይታዩታል። አብዛኛው መንገደኛ ወደ ኤቨረስት ሲያልፍ ለሻይና ለፎቶግራፍ ያህል ብቻ ያርፍበታል። ቢያንስ ሁለት ሌሊት ሊታደርበት የሚገባ ቦታ ነውና ያሳዝናል።

ገዳሙን በ1916 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመሠረቱት ላማ ጉሉ ናቸው። ያነሣሣቸው ከኤቨረስት ማዶ፣ በቲቤት በኩል ያለው የሮንግቡክ ገዳም አለቃ ነበሩ። በጥር 1934 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን አፈረሰው፤ ላማ ጉሉም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ተከታዮቻቸው መልሰው ሠሩት። ገዳሙ የኤሌክትሪክ መብራት ካገኘ ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 1989፣ በእሳት ወደመ፤ የጥንት መጻሕፍትና የግድግዳ ሥዕሎች አብረው ነደዱ። ዛሬ የሚታየው ሕንፃ በሼርፓዎችና በውጭ ለጋሾች እርዳታ እንደገና ተሠርቶ በ1993 የተመረቀው ነው።

የሂማላያ ጸደይ የሚገባው እኛ በልግ በምንለው ወራት ነው። በመጋቢት ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ከሰዓት በኋላ ደመና ከሸለቆው ይወጣል፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። ላሊጉራስ የሚባለው ቀይ አበባ መጀመሪያ ታች ባለው ጫካ ይፈነዳል፤ ገዳሙ ዘንድ ለመድረስ ሳምንታት ይወስድበታል። ኤቨረስት ለመውጣት የሚመጣው ሰው ብዛትም ገና አልጀመረም። በ1953 በጆን ሃንት የተመራው የእንግሊዝ ጓድ ሰውነቱን ከከፍታው ለማላመድ የሰፈረው እዚሁ፣ በመጋቢት ነበር። ከጓዱ አባላት ቴንዚንግ ኖርጌይና ኤድመንድ ሂላሪ በዚያው ዓመት ግንቦት ጫፉን ረግጠዋል።

ጉዞው ከሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ በእግር ነው። ናምቼ ባዛር (3,440 ሜትር) ሁለት ሌሊት ማደር ግድ ነው። ከዚያ መንገዱ በውኃ ኃይል የሚዞሩ የጸሎት መንኮራኩሮች (ጸሎት የተጻፈባቸው ተሽከርካሪ በርሜሎች) ወዳሉበት ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከወንዙ ደግሞ 600 ሜትር ያህል ቀጥ ያለ ዳገት ይጠብቃል። የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ለምጃለሁ ብሎ መዘናጋት የለበትም። ከፍታው የሚያመጣው ራስ ምታት ከባሰ፣ ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት፣ ወይም አረማመድ ከተንገዳገደ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው።

ጸሎት ቤቱ ሲገባ ጫማ ይወልቃል፣ ባርኔጣም ይነሣል፤ የጣውላው ቅዝቃዜ በሁለት ካልሲ እንኳ ዘልቆ ይሰማል። መነኮሳቱ ጥቁር ቀይ ልብሳቸውን ተከናንበው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ያለው መጽሐፍ አልተጠረዘም፤ ረጃጅም ጠባብ ገጾቹን አንድ በአንድ እያነሡ ይገለብጣሉ፣ ሲያበቁም በጨርቅ ይጠቀልሉታል። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ይንከባለልና ድንገት ከበሮው፣ የሚጋጩት የናስ ሳህኖችና ረጃጅሞቹ መለከቶች አንድ ላይ ያስተጋባሉ። በመካከል አንድ ለጋ መነኩሴ ጨው የገባበት የቅቤ ሻይ እየዞረ ይቀዳል፤ ቡና በቅቤና በጨው ለጠጣ ሰው ጣዕሙ ብዙ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዳ ግድግዳውን ተጠግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ፎቶ አያነሣም።

ውጭ ሲወጣም ሥርዓት አለ። ጸሎት የተቀረጸባቸው የማኒ ድንጋዮች ሁልጊዜ በመንገደኛው ቀኝ እጅ በኩል እንዲሆኑ ተደርጎ ይታለፋሉ፤ መንኮራኩሮቹም በቀኝ እጅ፣ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይዞራሉ። በዙሪያው ማደን በእምነቱም በብሔራዊ ፓርኩ ሕግም ክልክል ስለሆነ፣ እንደ ዝባድ ያለ ሽቶ የሚገኝበት አጋዘንና ዳንፌ የምትባለው ባለ ብዙ ቀለም ወፍ ከሰው ብዙም ሳይሸሹ ይታያሉ።

ግማሽ ቀን የተረፈው ሰው በጫካው ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ወርዶ የድቡቼን የሴቶች ገዳም ይይ። ከላይኛው ይልቅ ትንሽና ድሃ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ አጠገቡ እያለፈ የሚገባበት ግን ጥቂት ነው።