በዓል በባዕድ ምድር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በናይሮቢ፣ በካምፓላ፣ በጁባ፣ በጆሃንስበርግ ወይም በሌላ የአፍሪካ ከተማ ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም በስደት የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የታኅሣሥ ወር እንዴት እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። ፈረንጆች የጌታን ልደት የሚያከብሩበት ዲሴምበር 25 በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ይውላል። ኬንያዊው ጎረቤታችሁ ልጆቹን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ይጓዛል፤ ናይሮቢም ጭር ትላለች። በደቡብ አፍሪካ ወቅቱ በጋ ነው፤ ሱቅ ያላችሁ የዓመቱን ትልቅ ገበያ ስታስተናግዱ ሌላው በዕረፍት ላይ ነው። እናንተ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ ከልደት በፊት በሚጾመው በጾመ ነቢያት ላይ ናችሁ፤ ጾሙ ሊፈታም ሁለት ሳምንት ያህል ይቀረዋል። የእኛ ልደት፣ ታኅሣሥ 29፣ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ወደ ሥራው ተመልሷል። ሰው ሲበላ ጾመኛ፣ ሰው ሲሠራ በዓል አክባሪ መሆን ብቸኝነቱ ቀላል አይደለም።

በእነዚሁ ቀናት ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠንን ምስባክ፣ በቅዳሴ ከወንጌል በፊት የሚዜመውን የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስ፣ ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ የሚውለው ሰንበት «ብርሃን» ይባላል። ምስባኩም ከመዝሙር 42 ነው፤ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ፣ እነርሱ ይምሩኝ፣ ወደ መቅደስህም ተራራ ይውሰዱኝ የሚል ልመና ነው። ይህ መዝሙር ከፊተኛው ከ41ኛው ጋር አንድ መንፈስ አለው፤ «ነፍሴ ሆይ፣ ለምን ታዝኛለሽ?» የሚለው ቃል በሁለቱም ይመላለሳል። ዘማሪው ከመቅደሱ ርቆ በዮርዳኖስ ምድር ሆኖ ይናገራል። ቀድሞ በዓል ከሚያከብረው ሕዝብ ጋር በእልልታና በምስጋና ወደ እግዚአብሔር ቤት ይገባ እንደነበር ያስታውሳል፣ ነፍሱም ትፈስሳለች። እንባው ቀንና ሌሊት ምግብ ሆኖታል። ይህ እንግዲህ በዓልን ከሩቅ ሆኖ የሚናፍቅ ሰው መዝሙር ነው። የከተማችሁ ሰው በዓሉን በሚያከብርበት ሳምንት ግድም ይህ ጸሎት በቅዳሴ ይሰበካል። እኔ ይህን እንደ ትልቅ መጽናኛ እቆጥረዋለሁ።

የዘማሪው ናፍቆት ግን ወዴት እንደሚያመራ ተመልከቱ። ብርሃንህ ይምራኝ ካለ በኋላ የሚደርስበት ቦታ የእግዚአብሔር መሠዊያ ነው። እናትንና አባትን፣ የሰፈርን ሰው፣ በጠዋት የሚጨሰውን ዕጣን መናፈቅ ኃጢአት አይደለም፤ እግዚአብሔር የሰጠን ፍቅር ነው። ነገር ግን ናፍቆታችን በዚያ ብቻ ከቆመ፣ በዓሉ ያለፈ ዘመን ትዝታ ብቻ ይሆንብናል፤ ትዝታ ደግሞ አያቆርብም።

አሁን ወደ ግብፅ እንሂድ። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 2 እንደጻፈው፣ መልአኩ ዮሴፍን ሕፃኑንና እናቱን ይዘህ ወደ ግብፅ ሽሽ አለው። ጌታ በሕፃንነቱ በአፍሪካ ምድር ስደተኛ ነበረ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ስደቱ ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው፤ በዘመነ ጽጌ፣ በአበባው ወቅት፣ እናስበዋለን፤ ኅዳር 6 ቀንም በስደቱ ባረፉበት ቦታ የተሰየመውን የቁስቋምን በዓል እናከብራለን። በግብፅ በአስዩት አካባቢ ዛሬም የቁስቋም ገዳም አለ። ከዚያ በዓል በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ጾመ ነቢያት ይገባል።

ሉቃስ ደግሞ የጌታ ቤተሰቦች በየዓመቱ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጡ እንደነበር ይነግረናል። እንግዲህ በግብፅ በቆዩባቸው ዓመታት ፋሲካው መጥቶ አልፏል፣ የዳስ በዓሉም መጥቶ አልፏል፤ እነርሱ ግን መውጣት አልቻሉም፤ ሄሮድስ የሕፃኑን ነፍስ ይፈልግ ነበርና። እመቤታችን ያደገችበትን ቤተ መቅደስ፣ የዘመዶቿን ጉባኤ፣ የመሥዋዕቱን ጢስ ከሩቅ አስባ ይሆናል። ያ ሁሉ መሥዋዕት ወደ እርሱ የሚያመለክተው በግ ግን በእቅፏ ነበረ። በኢየሩሳሌም አደባባይ ሕዝብ እየተጋፋ በዓል ሲያከብር፣ የበዓሉ ጌታ በባዕድ አገር ነበረ። ይህን እያሰበ በውጭ አገር የሚያከብር ሰው የተረሳ አይመስለውም።

ከዚህ በኋላ ስለ ኑሮው እንነጋገር። የሥራ ባልደረቦቻችሁ በዲሴምበር ማዕድ ሲጠሯችሁ ሂዱ። ቀናቸው ስሕተት ነው እያላችሁ በሰው ድግስ ላይ የዘመን አቆጣጠር ክርክር አትክፈቱ፤ ሐዋርያው በሮሜ 14 የማይበላው በሚበላው አይፍረድ ብሏል። ጾማችሁንም አታፍርሱ። በኬንያ ባቄላውና ስኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ በግብፅ ፉሉ ይበቃል፤ በካይሮ እንዲያውም ቅብጦች ወንድሞቻችን በዚሁ ወቅት ስለሚጾሙ «ሲያሚ» ብላችሁ ብትጠይቁ የጾም ምግብ ያቀርቡላችኋል። ፊታችሁን አታጠውልጉ፤ የተጠየቃችሁትን በትሕትና መልሱ። ጎረቤታችሁ የጌታን ልደት በራሱ ቀን ሲያከብር እንኳን አደረሳችሁ ማለት የሚነጥቀን ነገር የለም።

በሌላ በኩል የራሳችሁን ቀን አሳልፋችሁ አትስጡ። «ሥራ ስለሆነ በሚቀጥለው እሑድ እናከብረዋለን» የሚለው ልማድ እየበዛ ነው፤ እኔ አልደግፈውም። ለመገናኘትና አብሮ ለመብላት እሑድ ጥሩ ነው፤ በዓሉ ግን በቀኑ ይከበር። የልደት ቅዳሴ የሚቀደሰው በሌሊት ነው፤ ስለዚህ በማግስቱ ሥራ የሚገባ ሰው እንኳ ቀድሶ፣ ተዘጋጅቶም ከሆነ ቆርቦ መሄድ ይችላል። የዓመት ፈቃድ ያላችሁ ቀኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለልጆች ትምህርት ቤትም ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጅ በዓሉ አባትና እናቱ ሥራ የሚቀሩለት ታላቅ ነገር መሆኑን ማየት አለበት። በዘመነ ዮሐንስ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ ልደት ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም አትርሱ፤ በፈረንጆቹ ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነው።

ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያችሁ የሌለ፣ በመስክ ሥራ ላይ ወይም በስደተኞች ጣቢያ ያላችሁስ? በዚያች ሌሊት ከመንፈቀ ሌሊት በፊት ተነሡ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከተገኛችሁ በአንድ ክፍል ተሰብሰቡ። መዝሙር 41 እና 42ን አንብቡ፣ ከዚያም ማቴዎስ 2ንና ሉቃስ 2ን፤ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፣ የምታውቁትን የልደት መዝሙር ዘምሩ፣ ስገዱ። ሲነጋ ጾማችሁን ፍቱና ማዕዱን አብራችሁ ተቋደሱ። ብቻውን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ በከተማው ካለ፣ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ፤ ከዋዜማው በፊት ደውላችሁ ጥሩት። አገሬውን ጎረቤትም ጋብዙ፤ ዮሴፍንና እመቤታችንን የተቀበሉት ግብፃውያን ነበሩና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።